ትርፉ ሉክ

ግምጃ ቤት፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለምሥራቅ ባምላክ፤ ባለሽበት ዶሃ።

የበረሃው ሙቀት ይራቅልሽ፤ ጤናሽ እንደ መስቀል ሰሞን ሰማይ የጠራ ይሁን። እኔ ከጉልበቴ በቀር ከማንም ጋር አልተጣላሁም፤ ከአባትሽም ጋር ገና ነው።

ደብዳቤ መጻፌ ቢገርምሽ አይፈረድብሽም። ስልክ አለ ትያለሽ። በስልክ የተናገርሁት በማግሥቱ ‹እንዲህ አላልሽም› እየተባለ ስንት ጊዜ ተካደ። ወረቀት ግን አይካድም። ደግሞ ፊደል የቆጠርሁት በስልሳ ዓመቴ ነው፤ ካልጻፍሁበት ለምን ተማርሁት? ይህን ወረቀት እንጅባራ ወስጄ ለኪዳኑ እሰጠዋለሁ። ኪዳኑ ማለት በዩኒቨርሲቲው መንገድ ላይ ሱቅ ከፍቶ ፕላን የሚያትም ጎረምሳ ነው። በማሽኑ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይልክልሻል። ሳይልከው በፊት ያነበዋል መሰለኝ። ያንብበው።

ጉዳዬ ይህ ነው። ዕድራችን አዳራሽ ሊሠራ ነው። ፕላኑን አንቺ በነጻ እንደምትሠሪው አባትሽ በስብሰባ ላይ ሲናገር ደረቱ አንድ ክንድ ወጣ፤ ሊቀመንበር አይደል። ከአዳራሹ ጎን አንዲት ክፍል ትኖራለች። እኛ ሴቶች የምንማርባት የነበረችው ክፍል ለማዳበሪያ ማስቀመጫ ስለተፈለገች፣ ከክረምት ጀምሮ የምንቀመጠው በእኔ በረንዳ ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ደብተራችንን ብብታችን ሥር ሸጉጠን እንበታተናለን። ደርዘን ነበርን፤ አሁን ሰባት ቀርተናል። እስከ ሌላው ክረምት ክፍል ካላገኘን እኔና ጎረቤቴ ሙሉወርቅ ብቻ እንቀራለን፤ ሙሉወርቅ ደግሞ የምትመጣው ለወሬ ነው።

አባትሽን ያችን ክፍል ስጠን ብለው መጋዘን ትሆናለች አለኝ፤ ለድንኳኑ፣ ለድስቱና ለአግዳሚው። ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ምን ይደረግ። ልጆች ሳለን እሱ ተማሪ ቤት ሲገባ ምሳውን የማደርስለት እኔ ነበርሁ። ከክፍሉ መስኮት ሥር ቆሜ ከ‹ሀ› እስከ ‹መ› ሰማሁ፤ ከዚያ ዘበኛው አባረረኝ። ከ‹መ› ቀጥሎ ያለውን ለመስማት ሃምሳ ዓመት ፈጀብኝ። አባትሽ መምህር ሆኖ የአገሩን ልጅ ሁሉ ሲያስተምር አንድ ቀን እንኳ ‹ከየት ነው ያቋረጥሽው?› ብሎ አልጠየቀኝም።

ገንዘብ አትላኪልኝ። ብርድ ልብስም አትላኪልኝ። ያችን ክፍል ‹መማሪያ› ብለሽ ጻፊልኝ፤ ሌላ አልፈልግም።

አክስትሽ እታለማሁ


ዶሃ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አክስቴ፤

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያበርታልኝ፤ ሙሉወርቅንና የበረንዳውን ተማሪዎች ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። የእጅ ጽሑፍዎን ያየሁ ጊዜ ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምኩ። አጠገቤ የሚሠራው ህንዳዊ ምን ሆንሽ አለኝ። አክስቴ ደብዳቤ ጻፉልኝ አልኩት። ታዲያ ምን ይደንቃል አለ። አላስረዳሁትም።

ፕላኑ አልቋል። ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው፣ መብራቱና ውሃው ተጨምሮ አርባ ሉክ ሆኗል፤ ከእያንዳንዱ አምስት ቅጂ ይታተማል። ኪዳኑ አንድ በአንድ እየከፈተ እንዳያትም ይንገሩልኝ፤ እንደዚያ ከሆነ ጥምቀት ይደርስበታል። ሁሉንም መርጦ አንድ ጊዜ ካዘዘው ማሽኑ ራሱ በተራ እያተመ ይቆርጣል። የእኔ ሥራ ፕላን መንደፍ ነው ቢባልም ግማሹ ይኸው ነው። ጠዋት ሦስት መቶ ሉክ አዝዤ አጠገቡ እቆማለሁ፤ ወረቀት ይጣበቃል፣ ቀለም ያልቃል፣ ትቼው ከሄድኩ ይበላሻል። የቀለሙ ሽታ ከልብሴ አይለቅም።

አባባ ደውሎልኝ ነበር። ስለ ቆርቆሮው ብዙ አወራን።

ስለ ክፍሏ የጻፉልኝን አንብቤያለሁ።

ልጅዎ ምሥራቅ


እንጅባራ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምሥራቅ፤

ሰላምታዬ ከቁጣዬ ቀድሞ ይድረስሽ። ‹አንብቤያለሁ› ማለት መልስ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን መልስ የወረስሽው ከአባትሽ ነው። ቢሆንም የዛሬውን ካልነገርሁሽ ያንቀኛል። ይህን የምጽፈው ኪዳኑ ሱቅ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው።

ዕድሩ የላከኝ እኔን ነው፤ ወንዶቹ አጨዳ ላይ ናቸው። ኪዳኑ እንዳልሽው ሁሉንም አንድ ላይ አዘዘ። ማሽኑ አንሶላ የሚያህለውን ወረቀት ቀስ እያለ ሲያወጣ ሸማኔ ጋቢ ሲጠቀልል መሰለኝ፤ ደስ አለኝ። ትንሽ እንደሄደ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ የደረሰበትን ረስቶ ከመጀመሪያው ጀመረ። ኪዳኑ ራሱን ያዘ። እኔ ማሽኑን በአገውኛ አንድ ነገር አልሁት፤ እሱን የምጽፍበትን ትምህርት ገና አልደረስሁበትም።

እንደገና ሲያትም አንዱን ሉክ አንሥቼ ላነብ መነጽሬን አደረግሁ። ፊደል የለም። በየክፍሉ ውስጥ ፊደል ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ትንንሽ ሳጥን ተደርድሯል። መነጽሬን ጠረግሁ። ያው ሳጥን። ኪዳኑን ጠራሁት።

‹እማማ፣ ይኼ ፎንት የለኝም› አለ።

‹ይህን ሁሉ ወረቀት የምትሸጥ ሰውዬ ፊደል የለኝም ትላለህ?›

‹ፊደልማ ሞልቷል። ምሥራቅ የጻፈችበት ዓይነት ነው የሌለኝ። ማሽኑ ያላወቀውን ፊደል ሳጥን ያደርገዋል።›

ልብ በይ እንግዲህ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ፊደል ሁሉ ለእኔ ሳጥን ነበር። ተምሬ ብመጣ ሳጥን ሆኖ ጠበቀኝ። ኪዳኑ እስኪያስቆመው ድረስ ወረቀቱ መውጣቱን አልተወም፤ ሁሉንም አንድ ላይ ማዘዝ ለካ ጥፋትንም አንድ ላይ ማዘዝ ነው።

ያችን ክፍል ፈልጌ አገኘኋት። አራት ሳጥን ተጽፎባታል። ‹መጋዘን› አራት ፊደል ነው። ኋላ ‹መማሪያ›ን በጣቴ ብቆጥር እሱም አራት ሆነ። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

አክስትሽ እታለማሁ

ከግርጌው በሌላ እጅ፦ እኔ አላነበብሁትም። ኪዳኑ።


ዶሃ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አክስቴ፤

ዘግይቼ ብጽፍም በሐሳቤ ያልጠየቅኩዎት ቀን የለም። የኪዳኑን መስመር ለጓደኞቼ ተርጉሜላቸው ቢሮው በሳቅ ፈረሰ።

ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን የእኔ ነው። የሠራሁበትን ፋይል እንዳለ ስልክለት ፊደሉ እኔ ኮምፒውተር ውስጥ ቀረ። አሁን ሁሉንም በፒዲኤፍ ልኬያለሁ፤ ፊደሉ ከመስመሩ ጋር ተጣብቆ ስለሚሄድ የትም ቢታተም አይለወጥም። በሚመጣ ሰው ደኅና መነጽር ልኬልዎታለሁ፤ አልጠየቅሁሽም እንዳይሉኝ።

ለምን እንደቆየሁ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። አባባ በየሳምንቱ ይደውላል፤ እርስዎ ይጽፋሉ። ሁለታችሁም የምትጠይቁኝ ያችኑ ክፍል ነው። እኔ ከዚህ ሆኜ መስመር ማስመር እንጂ ማስታረቅ አልችልም።

ልጅዎ ምሥራቅ


እንጅባራ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምሥራቅ፤

ዕድሜ ይስጥሽ፤ ፊደሉ ሁሉ ተነበበ። መነጽሩም ደረሰኝ፤ አልጠየቅሁሽም፣ ግን በደንብ ያሳያል። ዛሬ መብራቱም ታገሠን። ኪዳኑ አንድ ጊዜ አዝዞ ማሽኑ በጠዋት የጀመረውን ከሰዓት በኋላ ጨረሰ። መጨረሻ የወጣው ከላይ ስለሚሆን ጣሪያው ከላይ፣ መሠረቱ ከታች ሆኖ ተቆለለ። ኪዳኑ ሊገለብጠው ሲነሣ መሠረቱን ከላይ አድርጎ ቤት የሚሠራ ማን አለ ብዬ ከለከልሁት።

አሁን ቁም ነገሩን ስሚ። በአምስቱም ቅጂ ውስጥ አንድ ትርፍ ሉክ አለ። ሁለት ሉክ ቁጥራቸው ‹7› ነው። በአንዱ ያች ክፍል ‹መጋዘን› ናት። በሌላው ‹መማሪያ› ናት። ዓይኔን ስላላመንሁት ኪዳኑን አስነበብሁት፤ እሱም ‹መማሪያ› ነው አለ። ከየት መጣ ብለው፣ ‹ሁሉንም አትም አለች፤ ሁሉንም አተምሁ› ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ።

አባትሽ ቅዳሜ እዚህ መጥቶ ቅጂዎቹን ተረክቦ ለማዘጋጃ ቤት ሊያስገባ ነው። አንዱ ሉክ መውጣት አለበት። የትኛውን ላውጣ? ‹መማሪያውን አውጪ› ካልሽኝ አወጣዋለሁ፤ ግን ያወጣሁት በአንቺ ቃል መሆኑን ወረቀት ይመሰክራል። አደራሽን፣ ‹አንብቤያለሁ› እንዳትዪኝ።

አክስትሽ እታለማሁ


ዶሃ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አክስቴ፤

ሰላምታዬ አጭር ነው፤ መልሴ እንዳይዘገይብዎት።

የመጀመሪያ ደብዳቤዎን ባነበብኩ ዕለት ያችን ሉክ ሠራኋት። ኋላ አባባ ቁርጡን ሲነግረኝ መጋዘኑን ሠራሁ። የፊተኛዋ ሳትወጣ ቀርታ ከሌሎቹ ጋር ታትማለች፤ ስሕተት ነው። እባክዎ ‹መማሪያ› የሚለውን ያውጡት። ዕድሩ በአንዲት ክፍል ለሁለት ከተከፈለ አዳራሹም አይሠራም፤ እናንተም እህትና ወንድም ሆናችሁ አትነጋገሩም። ይህን ስጽፍ ደስ ብሎኝ አይደለም።

ልጅዎ ምሥራቅ


ግምጃ ቤት፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምሥራቅ፤

በያለሽበት መልካም ሰው ይግጠምሽ። ደብዳቤሽን ያገኘሁት ዛሬ ሰኞ ነው፤ ከረቡዕ ጀምሮ ኔትወርክ አልነበረም። ኪዳኑ አትሞ ሲሰጠኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ እሱ አለማንበብ የሚለው ይህንን ነው። ‹ያውጡት› ብለሻል። ዘግይቷል። ቅዳሜ የሆነውን ልንገርሽ።

ማልጄ ደረስሁ፤ መልስሽ የለም። ሁለቱን ሉኮች መሬት ላይ ጎን ለጎን ዘርግቼ ባይ ባይ ከስማቸው በቀር ልዩነታቸው አልታይ አለኝ። ስለዚህ ጋቢ ስንገዛ እንደምናደርገው አደረግሁ። ድሩን ለማየት ወደ ብርሃን አይደል የምናወጣው? አንዱን በሌላው ላይ ደርቤ የኪዳኑ መስተዋት በር ላይ በፕላስተር ለጠፍሁት። የጠዋት ፀሐይ ከውጭ እየመታችው ሁለቱም ሉክ አንድ ላይ ታየ። ግድግዳው ግድግዳው ላይ ዐረፈ፤ በሩም በሩ ላይ። ክፍሏ አንድ ናት። በአንዱ ሉክ አግዳሚው ተደራርቦ ተቀምጧል፤ በሌላው ያው አግዳሚ ተደርድሯል። በመማሪያው ኖሮ በመጋዘኑ የሌለ አንድ ነገር ብቻ አገኘሁ፤ መስኮት።

በዚህ መካከል አባትሽ መጣ። በሩ በወረቀት ስለተሸፈነ ከውጭ ቆሞ አንኳኳ። ኪዳኑ ሊከፍት ሲል በእጄ ከለከልሁት።

‹እታለም፣ ምንድን ነው ይኼ?› አለኝ ከውጭ።

‹መጀመሪያ እይ፤ ከዚያ ትገባለህ።›

ከእሱ በኩል ፊደሉ ተገልብጦ ስለሚታይ መምህሩ ማንበብ አቃተው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽ ደስ አለኝ። ከዚያ ከፈትሁለት፤ ከውስጥ በኩል አቁሜ በጣቴ እየጠቆምሁ አሳየሁት።

‹ይህ አግዳሚ ከመጋዘን የሚወጣው መቼ ነው?› ብዬ ጠየቅሁት።

‹ሰው ሲሞት ነዋ።›

‹ሰው ሲሞት እኛ ሴቶቹ የት ነን?›

‹ለቅሶ ቤት።›

‹እንግዲህ አግዳሚው ሲወጣ እኛም አንኖርም፤ አግዳሚው ሲመለስ እኛም እንመለሳለን። ሰው እስኪሞት ጨለማ ውስጥ ሥራ ፈትቶ ከሚጠብቅ ብንቀመጥበት ምን ይለዋል?›

ኪዳኑ ሳቀ፤ አባትሽ አልሳቀም። ድንኳኑስ፣ ድስቱስ አለ። ቆጥ ይሠራለት አልሁ፤ እናታችን ዕቃዋን ሁሉ ቆጥ ላይ ሰቅላ ከሥሩ ስንቱን ሰው አኑራበት የለም ወይ? ደግሞ መስኮት ሌባ ይጠራል አለ።

‹የዕድር ድንኳን የሰረቀ ሌባ የት ሊተክለው ነው? በማን ለቅሶ?›

አሁን ሳቀ። ሳቁን ለመደበቅ መነጽሩን አውልቆ በኮቱ ጫፍ ጠረገ፤ ሲጠርገው ቆየ። ከዚያ መስተዋቱን እያየ፣ ‹መስኮቱ ወዴት ነው የሚያየው?› አለ። ለምን እንደጠየቀ አልጠየቅሁትም።

ኮሚቴው ትናንት ተሰብስቦ አባትሽ ራሱ አስረዳ፤ የራሱ ሐሳብ አስመስሎ። ዝም አልሁ፤ ዝምታዬን ዕወቂልኝ። ስለዚህ ሁለቱንም ሉክ አውጥተናል፤ በምትካቸው አንድ ሦስተኛ ሥሪልን። የቀረውን፣ ሦስተኛው እስኪደርስ እኔ ቤት እንዲቆይ፣ ኪዳኑ ዛሬ ጠቅልሎ በፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ውስጥ ከተተልን። እኔና አባትሽ ቱቦውን ጉልበታችን ላይ አጋድመን በሚኒባስ መጣን። ከግምጃ ቤት መናኸሪያ እስከ ቤቴ በጋሪ ስንሄድ የቧንቧ ውሃ ሊዘረጋልን ነው ተብሎ ሰው ከየበሩ ወጣ። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም መረቀችን። አባትሽ አሜን አለ።

አክስትሽ እታለማሁ


ዶሃ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አክስቴ፤

ለእናንተም ለቱቦውም እንኳን በሰላም ገባችሁ። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ማሽኑ አጠገብ ቆሜ ነው፤ ስስቅ ወረቀት ተጣብቆ ሳላይ ቀርቼ አለቃዬ ተቆጣኝ። ተገቢ ነው።

አዲሱን ሉክ ልኬያለሁ። ቁጥሩ ‹7› ነው፤ አንድ ብቻ ነው። በክፍሏ ላይ ‹መማሪያና መጋዘን› ብዬ ጽፌባታለሁ። ቆጡን በበሩ አናት ላይ አድርጌዋለሁ፤ ድንኳኑን ለማውረድ መሰላል ይበቃል። መስኮቱን ከፊተኛው እጥፍ አሰፋሁት። የሚያየው ወደ አባባ ግቢ ነው። ካልወደዱት ይጻፉልኝ፤ አባባ ካልወደደው ግን እንዳይነግሩኝ።

አንድ ነገር ላክልበት። ያችን ሉክ በስሕተት ታትማለች ብዬ ጽፌልዎት ነበር። እዚህ ቢሮ ስሠራ አምስተኛ ዓመቴ ነው፤ ሳላውቃት የታተመች አንዲት ሉክ ከእጄ ወጥታ አታውቅም። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ኪዳኑ ሳያነብ ያነባል፤ ሳይናገርም ለአባባ ይናገራል።

ልጅዎ ምሥራቅ


ግምጃ ቤት፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምሥራቅ፤

ይህ ሁሉ ወር ያልጻፍሁት ተቀይሜሽ አይደለም። አሸዋ ሲጫን፣ ቆርቆሮ ሲመታ፣ ግንበኛ ሲኮርፍ ዓመቱ አለቀ። በስልክ የሰማሽውን እንዳልሰማሽ ሆነሽ ከእኔ ስሚው፤ የእኔ እውነቱ ነው።

አዳራሹ ቆሟል። ክፍላችንም ከነመስኮቷ ቆማለች። ከመስከረም ወዲህ አንድ ጊዜ ለቅሶ ደርሶብን አግዳሚው ወጣ፤ እኛም አብረነው ሄድን፤ በአራተኛው ቀን አብረነው ተመለስን። ማንም አልተጣላም። ያቋረጡት ሴቶች ተመልሰው ሌሎችም ተጨምረዋል፤ ሙሉወርቅ አሁን ወሬውን ራሷ ጽፋ ታስነብበናለች። ድንኳኑ አናታችን ላይ ስለተሰቀለ አንዳንዷ ቀና እያለች ታማትባለች።

የወጡትን ሉኮች እንድጥል አልነገርሽኝም፤ እኔም አልጣልሁም። ጀርባቸው ባዶ፣ ስፋታቸው እንደ አንሶላ፤ ማን ይጥለዋል? በወፍራም ብዕር ፊደሉን ሁሉ ጻፍሁባቸውና ግድግዳው ላይ ሰቀልናቸው። ‹ሀ› ያለበት የዚያች የትርፏ ሉክ ጀርባ ነው። ፀሐይ ስታርፍበት የፊት ገጿ መስመር ትንሽ ይታያል፤ በ‹ሀ› ውስጥ መስኮት አለ ብለው ሴቶቹ ይስቃሉ።

አባትሽ የቀትር እንቅልፍ ነሣችሁኝ እያለ ይከሰን ነበር። ነበር ያልሁት ባለፈው ማክሰኞ ስለቀረ ነው። አዲስ የገቡትን ሴቶች እያስቆጠርሁ ‹መ› ላይ ስደርስ ክፍሉ ጠቆረ። ዞር ብል አባትሽ ከውጭ መስኮቱ ላይ ክንዱን አሳርፎ ቆሟል። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። እኔ ዘበኛ አይደለሁምና አላባረርሁትም።

‹ባምላክ› አልሁት፣ ‹መስኮት ሥር የቆመ ሰው ከ«መ» አያልፍም። በበሩ ግባ።›

ዞሮ ገባ። ሙሉወርቅ ጠጋ ብላለት አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ይቅር አልሽው ወይ ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። ለጊዜው መቀመጫ ሰጥቼዋለሁ።

እንጨቴን አንሥቼ ‹ሠ› አልሁ። ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የእሱ ድምፅ ነው።

አክስትሽ እታለማሁ

ከግርጌው በሌላ እጅ፦ ይኸኛውን አነበብሁት። ኪዳኑ።